አብሾውን ማን ጠጣው?

ሰሞኑን ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ሳልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ዞር ብዬ ባይ አስተናግር ነው። ያ ነጭ አበባው እንደ ጥሩንባ የሚከፈት፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ፣ ቅጠሉን የነካ እጅ ሲገማ የሚውል አረም። በቆሻሻ መጣያና በፈረሰ ግድግዳ ሥር ይበቅላል፤ ከብት እንኳ አይደፍረውም። እኔ ግን ቆምሁና አንድ ቅጠል ቀንጥሼ በጣቶቼ መካከል አሸት አሸት አድርጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሌላው ሰው ወጣትነቱን የሚያስታውሰው በአበባ ሽታ ወይ በሙሽራ ሽቶ ይሆናል። እኔን ወደ ስማዳ፣ ደበሎ ለብሼ በየደጁ ወደ ዞርሁበት ዘመን የሚመልሰኝ ይህ የሚከረፋ ቅጠል ነው።

የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። በእኛ አገር አንድ የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ልቆ ሲገኝ ጎበዝ ነው ብሎ የሚያልፈው የለም፤ «አብሾ ጠጥቷል» ይባላል። አብሾ የሚሉት አእምሮ ይከፍታል የተባለ መጠጥ ነው። ከአስተናግር ነው የሚቀመም የሚል አለ፤ የለም፣ ከሌላ ሥር ነው የሚል አለ፤ ሲቀምም በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የጠጣው ሰው አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም ይላሉ። መዘዙ የሚመጣው ኋላ ነው። ጠላ ከቀመሰ ይነሳበታል፤ ሲያረጅ ብቻውን ያስለፈልፈዋል፤ መጨረሻው አያምርም።

ተጠራጣሪ ሰው መሆኔን አልደብቅም። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ «አንተ እኮ ጥላህ ሲከተልህ ማን ልኮህ ነው የምትል ሰው ነህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እላታለሁ። የወፍጮ ቤት ሚዛን፣ የአውቶቡስ ረዳት መልስ፣ የገበያ ቅቤ፣ ለቅሶ ላይ ከባለቤቱ በላይ የሚያለቅስ ሰው፣ ሁሉንም ጠርጥሬ ነው የኖርሁት። ከሁሉ አስበልጬ የጠረጠርሁት ግን የልጅነት ጓደኛዬን ይትባረክን ነው። እሱ የአገር መመኪያ መሪጌታ፣ እኔ ታረቀኝ የአርብ ገበያ ልብስ ሰፊ ሆነን የቀረነው እሱ አብሾ ጠጥቶ እኔን ስላስቀረኝ ነው ብዬ አምን ነበር። ዕድሜ ልኬን።

የተገናኘነው ከወገዳ ወዲያ፣ ያንን ወጣ ገባ መንገድ ብዙ ከሄዱ በኋላ በሚገኝ ደብር፣ አንድ ስመ ጥሩ የቅኔ መምህር ዘንድ ነው። እኔ ከጋይንት፣ እሱ ከእስቴ። ሁለታችንም ያለ ስንቅ ነው የመጣን። አንዲት ጎጆ ሠርተን አብረን ገባን፤ ጣሪያዋ አፈሰሰ፣ እኛ ግን አልተጣላንም። ደበሎ ማለት የበግ ለምድ ነው፤ ሲዘንብ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይሸታል፣ ቁንጫው ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባበታል። የለመንነውን የምንይዝባትን አኩፋዳችንን አንግተን በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል መጀመሪያ የሚወጣው ውሻ ነው። የስማዳ ውሻ ተማሪ ከነጋዴ ይለያል፤ ነጋዴውን አልፎ ተማሪውን ይነክሳል። ከውሻው ከተረፍን የዳጉሳ እንጀራ ቁራሽ፣ የባቄላ ቆሎ፣ አንዳንዴም ከደረቁ የተነሳ እኛ ተማሪዎቹ ጥርስ መፈተኛ የምንላቸው ፍርፋሪዎች እናገኛለን። ዛሬ የልጅ ልጆቼ እንጀራው ትናንት የተጋገረ ነው ብለው ሲያኮርፉ ሳይ ያቺን አኩፋዳ ባሳያቸው እላለሁ። ግን ጠፍታለች፤ ማን እንደወሰዳትም እጠረጥራለሁ።

በዚያ ትምህርት ቤት ደብተር የለም። የኔታ ይናገራሉ፣ ተማሪ ይሰማል፣ የሰማውን ይይዛል። ጠዋት ጠዋት እየራቅን ከዛፍ ሥር ተቀምጠን የራሳችንን ቅኔ እንቆጥራለን፣ ማለት አዲስ እንፈጥራለን፤ ስንመለስ ለየኔታ እንነግራለን። ያልጣማቸው እንደሆነ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከአለንጋ ይብስ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የምቀድመው እኔ ነበርሁ። ጉራ ልነዛ አይደለም፤ ምስክሮች ነበሩኝ፣ ግን ሁሉም ሞተዋል። አንድ ጊዜ የሰማሁት ነገር ሁለተኛ እንዲነግሩኝ አልፈልግም ነበር። ይትባረክ ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እያላበው፣ አንዱን ቃል እንደ እምቢተኛ ወይፈን እየጎተተ ነበር የሚማር። ሲያቅተው እኔን ዘወር ብሎ ያየኛል። ያን አስተያየቱን አልወደውም ነበር።

ከዚያ ያ የበዓለ ሃምሳ ጠዋት መጣ። በዓለ ሃምሳ እንደሚታወቀው ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሰሞን ነው፤ የሚበላ ላለው ሰው ደስ ይላል፣ ለተማሪ ግን ያው ቆሎ ነው። እኔ ተስቦ ይዞኝ ሰንብቼ ነበር። ጎጇችን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ እንደተጋደምሁ ይትባረክ ከየኔታ ቤት ሲወጣ አየሁት። አፉን በደበሎው ጫፍ ይጠርጋል። ሲያየኝ ክው አለ።

«ምን ጠጥተህ ነው?» አልሁት።

«ውኃ።»

ውኃ የጠጣ ሰው አፉን እንደዚያ አይጠርግም። ውኃ የጠጣ ሰው ሲያዩት አይደነግጥም። አብሾ ነው አልሁ፤ የኔታ ለእሱ ብቻ በድብቅ አጠጡት አልሁ። ብዙም ሳይቆይ የይትባረክ ቅኔ ክንፍ አወጣ። እኔ ደበሎዬን ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ የኔታ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ይበል! ይበል!» ሲሉት ከጎጆዬ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል? አጎቴ መታመሜን ሰምቶ በቅሎ ይዞ መጣና እንደ እህል ጭኖ ወደ አገሬ መለሰኝ። ተስቦው ፀጉሬን ወስዶ መልሶልኛል፤ ጭንቅላቴን ግን ሙሉውን አልመለሰልኝም። ቅኔ ስጀምር ጫፉን እይዝና ጭራው ይጠፋብኛል። በዚህ ዓይነት ትምህርቱ ቀረ።

ልብስ ስፌት የተማርሁት መካነ ኢየሱስ ነው። ያን ጊዜ መካነ ኢየሱስ ለእኔ ትልቅ ከተማ ነበረች፤ ወደ ደብረ ታቦር የምትሄደው አሮጌ ሎንችና አውቶቡስ ስትመጣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ሊያያት ይወጣል፤ ከኋላዋ ለሚነሳው አቧራ እንኳ ሰው ይሻማል። ጌታዬ፣ ማለት ሙያውን ያስተማረኝ ሰው፣ የእግር መኪናውን እንዳልነካበት ሲወጣ መዘውሩን ፈትቶ ይዞት ይሄድ ነበር። እንደኔው ያለ ሰው ነበር፤ ወደድሁት። ኋላ የራሴን መኪና ይዤ አርብ ገበያ አንድ ቆርቆሮ በረንዳ ሥር ተቀመጥሁ። ዓርብ ዓርብ ገበሬው አህያውን እየነዳ ይመጣል፤ አቡጀዲ የሚያሰፋ፣ ካኪ ቁምጣ የሚያሰፋ፣ ለልጁ ሰርግ የቺት ቀሚስ የሚያሰፋ። ቁምጣ በስሙኒ፣ ሱሪ በሽልንግ እሰፋ ነበር። ስሙኒ ማለት ዛሬ ቀልድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከሻይ ቤት ገብቶ ሻይ በቂጣ በልቶ የሚተርፈው ገንዘብ ነበር። ከፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮን ያዘፍኑታል፤ እኔም በመኪናዬ ምት እየተከተልሁ አንጎራጉራለሁ። ዘፈኖቹን ዛሬም አልረሳሁ። ትናንት መነጽሬን የት እንዳስቀመጥሁ ግን አትጠይቁኝ።

ይትባረክ መሪጌታ ሆኖ ከአርብ ገበያ አቅራቢያ ካለው ደብር ሲመደብ ድሮ የተለያየን ወዳጆች እንደ ገና ተገናኘን። በሰው ፊት «መሪጌታ» እላቸዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን ያው አንተና አንተ ነን። ቀሚሱን የምሰፋለት እኔ ነኝ። ትከሻውን ስለካ በአፍንጫዬ ዝም ብዬ አሸተው ነበር፤ እጣን እንጂ ሌላ ሸትቶኝ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ጥርጣሬዬን አጸናልኝ። ይህ ሰው ጠላ አይቀምስም። ዝክር ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ተዝካር ላይ ዋንጫውን በእጁ ጋርዶ «ድምፄን ይዘጋብኛል» ይላል። ሰው ይሄንን ያምናል። እኔ ግን አብሾ ያለበት ሰው ጠላ ለምን እንደሚፈራ አውቃለሁና በልቤ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» እል ነበር።

ባለፈው ጥር በደብሩ ክብረ በዓል ያ የተፈራው ቀን ደረሰ። ከዚያ በፊት ሰውየው ከስቶ ነበር፤ ውኃ ቢጠጣ አይረካም፣ ከማኅሌት መካከል እየወጣ ወደ ሜዳ ይሄዳል። እርጅና ነው አልን። በበዓሉ ዋዜማ ከአንድ ዝክር ቤት ጥሙ አልቻል ብሎት ነው መሰለኝ ያን የማይነካውን ጠላ አንስቶ ግጥም አድርጎ ሲጠጣ ሰው ሁሉ አየ። በማግስቱ መቋሚያውን ይዞ ለቅኔው ቆመ። ጀመረ። መካከሉ ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ቤት ደገመው፣ ሦስተኛም ሊደግመው ሲል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቀረ። «ይበል!» ሊል የተዘጋጀው ሕዝብ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዱ ካህን ቀስ ብሎ እጁን ይዞ አስቀመጠው። ከቅጥሩ ከወጣን በኋላ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አብሾው ተነሳበት።»

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቃል ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አላልሁም ወይ! ቀጥሎ ግን ያ ጣሪያው ላይ ተተክሎ የቀረ ዓይኑ ፊቴ ላይ መጣና በደስታዬ አፈርሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የይትባረክ ልጅ ባንችአምላክ ከበረንዳዬ መጣች። አባቷን የምትጦረው እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አያ ታረቀኝ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አባቴ በተማሪነታቸው አብሾ ጠጥተዋል ወይስ አልጠጡም?»

«ማን ጠይቂው ብሎሽ ነው?»

«ማንም አላለኝ። ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ነበር። ሲስተር ስኳር ነው፣ ደማቸው ውስጥ ሞልቷል፣ አሁኑኑ መርፌ ይጀምሩ ትላለች። ዘመዶቻችን ደግሞ አብሾ መርፌ አይወድም፣ ከተወጉ በዚያው ቀን ይሞታሉ ብለው ከእጄ ነጥቀው መለሷቸው። ጠበል ወስደን እዚያው እናስቀምጣቸው ነው የሚሉ። ከአብሮ አደጎቻቸው በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ አልጠጡም ካሉ ይወጋሉ። ጠጥተዋል ካሉ…»

ጠጥቷል የሚለው ቃል ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት ዘመን ሙሉ ያኖርሁትን ቃል ጠያቂ መጣለት፤ አሁን ግን ሰውየውን የሚገድል ቃል ሆኖ ተገኘ። አልጠጣም እንዳልል ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ማን ይሽረዋል? ባስወጋው መርፌውስ ቢገድለው? «እስከ ነገ ታገሺኝ» ብዬ ሸኘኋትና ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። ነርሷንም ጠርጥሬያት ነበር። መርፌ መውጋት ሥራዋ የሆነ ሰው መርፌ ይጎዳል አይልም።

ሲስተር ሰላም ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ጫማዋ ነጭ፣ አነጋገሯ ፈጣን። ስለ መሪጌታ ልጠይቅ መጣሁ ስላት «እርስዎንም ልይዎት፣ ለአረጋውያን ሁሉ እያደረግን ነው» ብላ አስቀመጠችኝና ክንዴን በጨርቅ ጠፍራ ታስጨንቀው ጀመር።

«ዕድሜዎ ስንት ነው አባባ?»

«ለምንሽ?»

«ለምርመራው ነው።»

«ስድሳ ብትይ ምን አለበት?» ሰባውን ካለፍሁ ቆይቻለሁ፤ ግን ዕድሜ ለመንግሥት ሠራተኛ ሙሉው አይሰጥም።

«እሺ። ሦስት ቃል እነግርዎታለሁ፣ ይያዙልኝ፤ በኋላ እጠይቅዎታለሁ። ማረሻ፣ ጋቢ፣ ሎሚ።»

«የጠፋ ዕቃ አለ እንዴ?»

ሳቀች። «የጠፋ የለም፣ ሜሞሪ፣ ማስታወስዎን ነው የማየው። ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

ብቻህን ነው የምትኖር ብሎ የሚጠይቅ ሌባ ነው። «ቤቴ ሰው ሞልቷል» አልኋት። ጆሮዬ ይሰማ እንደሆነ፣ ፊደል ቆጥሬ እንደሆነ፣ ወድቄ ጭንቅላቴን ተመትቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀጥላ አንድ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አመጣች።

«በልጅነትዎ ተርበው ያውቃሉ? ክፉ ሕመም ታመው ነበር?»

ይህን ነገር ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ ተስቦውን፣ ቆሎውን፣ አጎቴ በበቅሎ የወሰደኝን፣ ጫፉ ተይዞ ጭራው የሚጠፋውን ቅኔ ሁሉ ነገርኋት።

«የሰው አእምሮ እንደ ጎተራ ነው» አለችኝ ዝግ ብላ። «መሪጌታ ከልጅነታቸው ጀምረው ሞልተውታል። ለዚህ ነው ከሥሩ ሲነቅዝ ለብዙ ጊዜ ያልታየው፤ ትንሽ ጎተራ ቢሆን ቶሎ ይታወቅ ነበር። ያነቀዘው ደግሞ ስኳሩና ደም ግፊቱ ነው። ከቆየ የማይመለስ ነገር ይወስዳል፤ ዛሬ ከተጀመረ ግን ብዙው ይመለሳል።»

«አብሾስ?»

«እሱን አላውቅም። ግን አብሾ ጠጡም አልጠጡ ይህ መርፌ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ብናገር ዘመዶቻቸው አይሰሙኝም፣ እርስዎን ነው የሚሰሙት። አሁን ሦስቱን ቃላት ይንገሩኝ።»

ማረሻና ሎሚ አልኋት። ሦስተኛው አልመጣም። ጋቢዬን እየደራረብሁ ወጣሁና መንገድ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ በለበስሁት ነገር ተሸነፍሁ።

በማግስቱ ወደ ይትባረክ ቤት ሄድሁ። ዘመዶቹ ግቢው ውስጥ የሚጭኑትን ያሰናዳሉ፤ በቅሎዋ ተለጉማ ቆማለች። በቅሎ ሳይ ያ የአጎቴ በቅሎ ትዝ አለኝ። ይትባረክ መደቡ ላይ ተደግፎ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ የውኃ ቅል ታቅፏል። ባንችአምላክን ውጪ ጠብቂኝ አልኋትና በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁ። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጄን ሊስም ሞከረ።

«የኔታ፣ መጡልኝ?»

እኔን የኔታ አደረገኝ። ሞት የወሰዳቸው ስንት ዘመናቸው! ታረቀኝ ነኝ ልለው አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። ጥርጣሬዬ ያዘኝ። ይህ ሰው ለየኔታ አይዋሽም ብዬ አሰብሁ።

«መጣሁ ልጄ» አልሁት ድምፄን ወፈር አድርጌ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አብሾ ጠጥተሃል?»

ግንባሩን ቋጠረ። «እኔ? ምነው የኔታ! አብሾ የጠጣውማ ታረቀኝ ነው። አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው በጤናው ነው ይላሉ? እኔ ላብ በላብ ሆኜ የምይዘውን እሱ ቆሎ እየቆረጠመ ይይዘዋል።» ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ አለ። እጄን አጥብቆ ጨበጠው። «የኔታ፣ ይፍቱኝ። ያን ለት ለታረቀኝ አድርስለት፣ ተስቦ ይዞታል፣ ነፍስ ይዝራበት ብለው የሰጡኝን ቅል ወተት አላደረስሁለትም። ደጅዎ ላይ ቆሜ ጠጣሁት። ርቦኝ ነበር። እሱ አብሾውን ጠጥቷል፣ ወተት ምን ያደርግለታል፣ ይቺ እንኳ የኔ ትሁን ብዬ ነው። ምን ጠጣህ ሲለኝም ውኃ አልሁት። በቅሎ ላይ ጭነው ሲወስዱት አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የማነበውም የምቆጥረውም አልጠፋኝም፤ ወተቱ ግን ከጉሮሮዬ አልወረደም። ይፍቱኝ የኔታ።»

ተናደድሁ። በወተት! ዕድሜ ልኬን አእምሮ የሚከፍት ምሥጢራዊ መጠጥ ነው ያልሁት ወተት ሆኖ ቀረ፤ እሱም የራሴ ወተት። የጠረጠርሁት ልክ ነበር፣ የጠረጠርሁት ነገር ደግሞ ውሸት ነበር። ልቤ እንዲህም እንዲያም አለ፦ ያን ቅል ጠጥቼ ቢሆን ተስቦው ይተወኝ ነበር? ጭራው የጠፋብኝ ቅኔ ሙሉ ሆኖ ይቀር ነበር? አንድ ቅል ወተት ይህን ሁሉ ያደርጋል ብዬ አላምንም። ግን እኔ በዓለም ላይ ምኑን አምኜ አውቃለሁ? ከሁሉ የባሰብኝ ሌላ ነው። ሲያቅተው ዘወር ብሎ ያየኝ የነበረው ለካ በእኔ ቀንቶ ነው። እኔ የእሱን አብሾ ስጠረጥር እሱ የእኔን ይጠረጥር ነበር። አብሾ ግን በዚያ ጎጆ ውስጥ አልነበረም፤ የነበረው ረሃብ ነው።

እጁን ከእጄ አላቀቅሁት፤ መልሼ ደግሞ ያዝሁት። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አልሁት። የኔታ ቢሆኑም ከዚህ የተለየ የሚሉ አይመስለኝም።

ወጣሁ። ዘመዶቹ ሥራቸውን አቁመው ከበቡኝ። አንዱ በዕድሜ የገፋ ዘመዳቸው «እህ፣ ታረቀኝ?» አለ።

«አብሾ አልጠጣም።»

«በምን ታውቃለህ?»

«ያን ለት የጠጣውን አውቃለሁ። ከየኔታ ቤት አፉን እየጠረገ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ወተት ነው።»

«የምን ወተት?»

«የየኔታ ላም ወተት ነዋ! ወተት የጠጣ ሰው መርፌ ይገድለዋል የሚል መጽሐፍ ካላችሁ አምጡና አሳዩኝ። ከሌላችሁ በቅሎዋን ወደ ጤና ጣቢያ መልሷት።»

ተያዩ። ባንችአምላክ መልስ አልጠበቀችም፤ ሮጣ አባቷን ልታነሳ ገባች። የማን ድርሻ እንደነበር አልነገርኋቸውም። ይህ የእኔና የእሱ ነው።

መርፌው ተጀመረ፤ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈትም ደብረ ታቦር ወስደው አሳዩት። ሁሉ ነገር አልተመለሰለትም። የቁርሱን ጉዳይ ምሳ ላይ ይረሳል፤ ሲስተር ሰላምን በየጊዜው «የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። ግን ውኃ ጥሙ ተወው፣ ፊቱ ተመለሰ፣ በሆሳዕና ሰሞን መቋሚያውን ይዞ ሲያመለጥን፣ ዜማውን ሲመራ ሰማሁት። ከፋሲካ በፊት ቀሚሱን ላሳጥርለት መጥቶ ከበረንዳዬ ተቀመጠ። ወገቡን እየለካሁ «ያን ቤትህ የመጣሁ ለት የነገርኸኝን ታስታውሳለህ?» አልሁት።

«የትኛውን ለት?» አለ።

ዓይኑን አየሁት። እሱም የቺቱን ጥቅል ያይ ጀመር። ረስቶት ይሆናል፤ በሽታው ወስዶት ይሆናል። ወይም ደግሞ በደንብ ያውቃል፤ ያን ለት ማን እንደነበርሁም ያውቅ ነበር። የመሪጌታ ነገር ምኑ ይታወቃል! ክንዱን አንስቼ መለካቴን ቀጠልሁ።

ፋሲካ አለፈ። በበዓለ ሃምሳ አንድ ዓርብ ገበያው ሞልቶ፣ እኔም ጨርቅ በጨርቅ ሆኜ መኪናዬ ላይ እንደተደፋሁ ባንችአምላክ በሰው መካከል እየተጋፋች መጣች። በእጇ አንዲት ቅል ይዛለች፤ አፏ በለምለም ቅጠል ተወትፏል። ዛሬ ሰው ሁሉ በፕላስቲክ በሚይዝበት ዘመን ቅል ይዞ ገበያ የሚመጣ ማን አለ?

«ምንድን ነው?»

«ወተት ነው፤ አባባ ናቸው የላኩ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! ‹ለታረቀኝ ከእጁ ላይ ስጪው፤ መንገድ ላይ ለሌላ ሰው እንዳታቀብይ፣ አንቺም እንዳትቀምሽው። ጠጥቶ እስኪጨርስ ከፊቱ ቆመሽ እዪው› ነው ያሉኝ። አስምለው ነው የላኩኝ።»

መኪናውን አቆምሁ። ዓይኔን አንድ ነገር ሞላውና ጨርቁ ሁሉ ተምታታብኝ። ቅጠሉን ነቅዬ እንደ ልማዴ መጀመሪያ አሸተትሁት። ምንም የለበትም፤ ወተት ነው። ባንችአምላክ ቆማ እያየችኝ እስከ መጨረሻው ጠጣሁትና ቅሏን መለስሁላት። አፌን ግን አልጠረግሁም።